ተቃጥሏል የተባለው ፕሪንተሬ፣ ከስምንት ወር በኋላ

"ቦርዱ ተቃጥሏል፤ ማስቀየር ነው ያለብሽ" አለኝ የጠራሁት ባለሙያ። የጠየቀኝ ዋጋ ዕቃውን ከገዛሁበት ግማሽ ይሆናል። ያን ቀን እሺ ብዬው ቢሆን ደህና ማሽን አስፈትቼ ነበር፤ ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

የገዛሁት ጥር ላይ ነው፤ ኮፒም የሚያነሳ ጥቁርና ነጭ ሌዘር። ዩኤስቢና የኔትወርክ ኬብል መሰኪያ አለው፣ ዋይፋይ የለውም። ጽሕፈትና ኮፒ ቤቴ ውስጥ ያሉት ሦስት ኮምፒውተሮች የሚልኩት ወደዚሁ አንድ ማሽን ነው። ሻጩ "እህቴ፣ ኬብል እኮ ቀርቷል፤ ትንሽ ጨምሪና ዋይፋይ ያለውን ውሰጂ" ብሎ ብዙ ወትውቶኛል፤ አልሰማሁትም። እስከ ነሐሴ ድረስ ቀለም ከመሙላት በቀር አልነካሁትም።

ነሐሴ ላይ አንድ ዝናባማ ከሰዓት መብራት ሄደ። አመጣጡ ግን ጤና አልነበረውም። አምፖሉ ዓይን እስኪያጥበረብር ቦግ አለ፣ ስታብላይዘሩ ቀጭ ብሎ ቆረጠ፣ የጎረቤታችን ጁስ ቤት ፍሪጅ በዚያው ቀረ። ኋላ ያየው ኤሌክትሪሻን ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) ላልቶ ነው አለን፤ እንዲህ ሲሆን 220 ቮልት የሚገባበት ቤት እስከ 380 ሊጠጋ ይችላል። ኮምፒውተሮቹና ፕሪንተሩ ስታብላይዘር ላይ ስለነበሩ ተረፉ። ኮምፒውተሮቹንና ፕሪንተሩን የሚያገናኘው ራውተር ግን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ነበር የተሰካው።

ከዚያ ወዲያ ሦስቱም ኮምፒውተሮች ፕሪንተሩን "ኦፍላይን" ይሉት ጀመር። ኮፒ ያነሳል፣ በዩኤስቢ ያትማል፣ በኔትወርክ ግን የለም። ኮምፒውተሮቹ በዋይፋይ ስለሆኑ ኢንተርኔቱ እንደ ድሮው ይሠራል። ስለዚህ ሁላችንም ራውተሩ ደህና ነው፣ የሞተው ፕሪንተሩ ነው አልን። ባለሙያውም ያለው ይህንኑ ነው። አራት ቀን ሙሉ ማሽኑን አንድ ኮምፒውተር ላይ አስረን፣ የሌሎቹን ሥራ በፍላሽ እያመላለስን ዋልን። አንዲት እናት የቤት ኪራይ ውላቸውን ሦስት ቅጂ ለመውሰድ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሲጠብቁኝ በጣም አፍሬያለሁ።

በአራተኛው ማታ ሱቁን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ኬብሉ በሚሰካበት ቀዳዳ አጠገብ ትንሽ አረንጓዴ መብራት አለች፤ ጠፍታለች። ኬብል ቀየርኩ፣ ያው ነው። ቀጥሎ ኬብሉን ከራውተሩ ነቀልኩና የራሴ ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት፤ የላፕቶፑንም ዋይፋይ አጠፋሁ። አረንጓዴዋ በራች! ልቤ መለስ አለ። አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቄ የኔትወርክ መረጃ ገጹን ሳትመው አድራሻው፣ ማለትም ማሽኑ በኔትወርክ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር፣ በ169.254 ይጀምራል። እንዲህ ያለውን አድራሻ ማሽን ለራሱ የሚያወጣው አድራሻ የሚያድለው ራውተር ሲያጣ ነው። ላፕቶፑም እንደዚያው አውጥቷል። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ከላፕቶፑ ፒንግ ሳደርግ፣ ማለትም "አለህ ወይ?" ብዬ አራት ጊዜ ስጠይቀው፣ አራቱም መልስ መጡ። ተቃጠለ የተባለው መሰኪያ ይኸው እየመለሰልኝ ነው።

ወደ ራውተሩ ዞርኩ። አንደኛው ቀዳዳ ዝም፣ ሁለተኛው ዝም፣ ሦስተኛው ላይ በራ። የተጎዳው የራውተሩ ግማሽ ነበር፤ ዋይፋዩ ስላልተነካ ማንም አልጠረጠረውም።

ኮምፒውተሮቹ ግን አሁንም "ኦፍላይን" ይላሉ። ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ አድራሻውን እንደ አዲስ አድሎ ኖሮ፣ 192.168.1.4 የነበረው ፕሪንተር 192.168.1.7 ሆኗል፤ ኮምፒውተሮቹ የሚፈልጉት በድሮው ነው። ራውተሩ ውስጥ ገብቼ በማክ አድራሻው (ከፋብሪካ ይዞት በሚመጣው መለያ ቁጥር) 192.168.1.50ን ለእሱ ብቻ አስያዝኩ፤ ፕሪንተሩን አጥፍቼ አስነሳሁና ሦስቱም ኮምፒውተሮች ላይ ፖርቱን (ሥራ የሚልኩበትን አድራሻ) ወደዚያ ቀየርኩ። ተደርድረው የቀሩትን የቆዩ ሥራዎችም ሰረዝኩ። ላክሁ፤ ወጣ።

ማሽኑን አንድ ነገር ታዝቤዋለሁ። አራቱን ቀን ሙሉ፣ ኬብሉ ሞቶ እያለ፣ ስክሪኑ ላይ የሚያሳየው "ሬዲ" የሚል ቃል ነበር። ግንኙነት የለኝም ብሎ አንድ መስመር ቢጽፍ ያን ሁሉ እንግልት ያስቀርልን ነበር። በዚህ ቅር ብሎኛል።

ሻጩ ይህን ቢሰማ "ዋይፋይ ቢኖረው በዚያው ቀን ይሠራልሽ ነበር" ይለኛል። እውነቱን ነው። ግን የቀድሞው ፕሪንተሬ ዋይፋይ ነበረው፤ በዚህ ፎቅ ላይ ስንት ሱቅ ስንት ራውተር እንዳለው ቆጥረህ ታውቃለህ? ሰው ፊቴ ቆሞ እየጠበቀ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይቋረጥብኝ ነበር። ይኼኛው በስምንት ወር አንዴ ተቋረጠ፤ እሱም ጥፋቱ የሌላ ነው። ደግሞ ኬብል ሲበላሽ መብራቷን አይተህ፣ ነቅለህ ሰክተህ፣ በሽታው የትኛው ጋር እንደሆነ ትደርስበታለህ። ዛሬም ልግዛ ብል የምገዛው ይህንኑ ነው።

ራውተሩን ስታብላይዘሩ ላይ አዛውሬዋለሁ፤ ሁለቱን የሞቱ ቀዳዳዎች በፕላስተር ሸፍኛለሁ። በሳምንቱ ባለሙያው ደወለ፤ "ቦርዱን ልዘዘው ወይ?" አለኝ። አታዝዘው፣ ይልቅ ሌላ ቤት እንዲህ ያለ ሲገጥምህ መጀመሪያ ኬብሉን ላፕቶፕህ ላይ ሰክተህ እየው አልኩት።