ፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግን ከባሕር ዳር ሆኖ መጫወት፦ ነገሩ ያለው ወንበሩ ላይ ነው

ፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግ በእንግሊዝ ሊግ ተጫዋቾች የሐሳብ ቡድን ሠርቶ በእውነተኛ ጨዋታቸው ነጥብ የሚሰበሰብበት የኢንተርኔት ጨዋታ ነው። ለጀመረው ሰው የመጀመሪያው ኪሳራ የሚመጣው ከሰዓት አቆጣጠር ነው። መተግበሪያው መዝጊያውን በፈረንጅ ሰዓት ይነግራል። ቅዳሜ «1:00 ፒኤም» ካለ በእኛ ቀን 7 ሰዓት ነው። ይህን ምሽት 1 ሰዓት ብሎ ያነበበ ሰው ምሳውን በልቶ፣ ጣና ዳር ነፈስ ብሎ ሲመለስ የመጀመሪያው ጨዋታ አልቋል፤ የተጎዳ አጥቂውም ካፒቴን እንደሆነ ተቆልፎበታል።

ደንቡ ግልጽ ነው። ዝውውርና አሰላለፍ የሚዘጋው የሳምንቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ሊጀመር 90 ደቂቃ ሲቀረው ነው። እንግሊዞች ሰዓታቸውን በዓመት ሁለቴ ስለሚያዛውሩ ግን መዝጊያው በእኛ በኩል ይንሸራተታል። ከመጋቢት ሦስተኛ ሳምንት እስከ ጥቅምት ሦስተኛ ሳምንት የሁለት ሰዓት ልዩነት አለን፣ በቀረው ጊዜ የሦስት። ስለዚህ የቅዳሜው የቀን ጨዋታ የሚከፍተው ሳምንት መዝጊያው በመስከረም ቀን 7 ሰዓት ሲሆን በኅዳር 8 ሰዓት ይሆናል። አርብ ማታ የሚከፈት ሳምንት ደግሞ በመስከረም ምሽት 2:30፣ በኅዳር 3:30 ላይ ይዘጋል። የአርቡ የባሰ አደገኛ ነው፤ ሰው ሁሉ ቅዳሜን ስለለመደ ይዘነጋዋል።

አገልግሎቱ ራሱ ነጻ ነው። ከ2002/03 የውድድር ዘመን ጀምሮ አለ፤ ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ይጫወተዋል። በ100 ሚሊዮን ፓውንድ የሐሳብ ገንዘብ 15 ተጫዋች ትገዛላችሁ፦ 2 በረኛ፣ 5 ተከላካይ፣ 5 አማካይ፣ 3 አጥቂ። ከአንድ ክለብ ከ3 በላይ አይፈቀድም። 11ዱ ይሰለፋሉ፣ 4ቱ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ የካፒቴኑ ነጥብ በእጥፍ ይቆጠራል። ይህን ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ያለ ተማሪ ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል፤ እንለፈው።

ወንበሩን ግን ማለፍ አይቻልም። ከውጭ የሚመጣው ምክር፣ በተለይ ዩቲዩብ ላይ የሚደጋገመው፣ ወንበሩን በርካሽ ሙሉና ገንዘቡን ለ11ዱ አውሉ ይላል። ስሌቱ በሚሊዮን ፓውንድ ይህ ነው፦ የ4.0 በረኛ፣ ሁለት የ4.0 ተከላካዮች፣ አንድ የ4.5 አማካይ። ድምሩ 16.5 ሲሆን ለቋሚዎቹ 83.5 ይተርፋል። ምክሩ ስሕተት የለበትም፣ ለተመከረለት ሰው። ያ ሰው አርብ የአሰልጣኞችን መግለጫ ሰምቶ፣ ቅዳሜ ጠዋት ስልኩን ከፍቶ የሚያስተካክል ነው። መብራት ሐሙስ ሄዶ ኔትወርክ ቅዳሜ ማታ ሊመለስ በሚችልበት ከተማ ግን የፋንታሲው ቡድን ባለቤት ቡድኑ አጠገብ ላይገኝ ይችላል። በ2015 ክረምት በክልሉ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ የ2023/24 ውድድር ሊጀመር የቀረው የቀናት ጊዜ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ በእናንተ ፈንታ ቡድን የሚያስተካክለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ጨዋታው ራሱ የሚያደርገው ቅያሪ።

ቅያሪው እንዴት እንደሚሠራ ብዙ ነባር ተጫዋች እንኳ በደንብ አያውቀውም። የሳምንቱ ጨዋታዎች ሁሉ ሲያበቁ ከ11ዱ አንድም ደቂቃ ያልተጫወተ ካለ ይወጣል፤ ከወንበሩ ከ1ኛው ተራ ጀምሮ የተጫወተው ይገባል። ነገር ግን አሰላለፉ ሁልጊዜ ቢያንስ 3 ተከላካይ፣ 2 አማካይና 1 አጥቂ ሊኖረው ይገባል። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። በ3 ተከላካይ ተሰልፋችሁ አንዱ ሳይጫወት ቢቀር፣ ወንበሩ ላይ 1ኛ ተራ የያዘው አማካይ 12 ነጥብ ቢያመጣ እንኳ አይገባም፤ ጨዋታው እሱን ዘሎ ተከላካይ ይፈልጋል። ያ ተከላካይ ደግሞ በርካሽ የተገዛውና ለክለቡ ተሰልፎ የማያውቀው የ4.0 ልጅ ነው። ዜሮ በዜሮ ተተካ ማለት ነው። መፍትሔው በ4 ተከላካይ መሰለፍ ነው፣ 4-4-2 ወይም 4-3-3። አንዱ ቢጎድል 3 ስለሚቀሩ ከወንበሩ ማንም በተራው መግባት ይችላል። ኔትወርክ መኖሩ የማይታወቅበት ሳምንት ሲመጣ ከ3-4-3 መራቅ ነው።

የአገልግሎቱ ትልቁ ጉድለትም እዚሁ ነው። ቅያሪ የሚደረገው ዜሮ ደቂቃ ለተጫወተ ብቻ ነው። 89ኛው ደቂቃ ላይ ተቀይሮ የገባ 1 ነጥብ ይዞ ቦታውን ዘግቶ ይቀመጣል፤ ወንበር ላይ ያለው 9 ነጥብ ይባክናል። በፔፕ ጋርዲዮላ ዘመን የማንችስተር ሲቲ አማካዮችን የገዛ ሰው ይህን ስቃይ ያውቀዋል። ካፒቴንም ላይ እንዲሁ ነው፤ ምክትሉ እጥፍ የሚያገኘው ካፒቴኑ ጨርሶ ካልተጫወተ ብቻ ነው። አዘጋጆቹ በየዓመቱ ደንብ ይነካካሉ፣ ይህን ግን አይነኩትም። ከ60 ደቂቃ በታች ለተጫወተ ባለቤቱ እንዲመርጥ ቢደረግ ጨዋታው ምንም አይጎድልበትም ነበር።

ታዲያ ጠንካራ ወንበር ምን ያህል ያስወጣል? የ4.0 በረኛ፣ የ4.5 ተከላካይ፣ የ5.0 ተከላካይ፣ የ5.5 አማካይ። ድምሩ 19.0። ከርካሹ ወንበር ልዩነቱ 2.5 ነው፤ ማለትም ከቋሚዎቹ መካከል አንድ የ8.0 አማካይ ወደ 5.5 ይወርዳል። ይህ ያን ያህል የሚያስለቅስ አይደለም። ኮል ፓልመር የ2023/24 ዘመንን በ5.0 ጀምሮ በ244 ነጥብ ጨርሷል። እንዲህ ያለው በየዓመቱ አይገኝም፤ ከ5.0 እስከ 5.5 ባለው መደብ ግን በየሳምንቱ 90 ደቂቃ የሚጫወት ሰው አይጠፋም። መስፈርቱ አንድ ነው፦ የክለቡ አሰልጣኝ ያለ እሱ የማይጀምር። የስሙ ግርማ አያስፈልግም።

በ2025/26 የገባው የመከላከል ነጥብ ይህን ወንበር ይበልጥ አትራፊ አድርጎታል። ተከላካይ በአንድ ጨዋታ ኳስ በማራቅ፣ በመጋረድ፣ በመቁረጥና በመንጠቅ 10 ከሞላ 2 ነጥብ ያገኛል። አማካይና አጥቂ ያመለጠ ኳስ መልሶ መያዝ ተጨምሮላቸው 12 መሙላት አለባቸው። በአንድ ጨዋታ ከ2 ነጥብ በላይ አይሰጥም። ትርጉሙ ቀጥተኛ ነው፤ ወደ ኋላ ተሰብስቦ የሚከላከል ክለብ የመሐል ተከላካይ ቡድኑ 1 ለ 0 ቢሸነፍም ለ90 ደቂቃው 2፣ ለሥራው 2፣ በድምሩ 4 ነጥብ ሊያመጣ ይችላል። ድሮ 1 ወይም 2 የሚያመጣው ሰው ነው። መስመር እየተከተለ ወደ ፊት የሚሮጠው ውድ ተከላካይ ግን 10ን ብዙ ጊዜ አይሞላም፤ ለወንበር የሚሻለው ግንባሩ ኳስ የሚያርቀው ነው።

በረኛ ላይ ሁለት መንገድ አለ፣ ዋጋቸውም እኩል 9.0 ነው። አንደኛው ሁለት የ4.5 በረኞችን ይዞ በየሳምንቱ ቀላል ጨዋታ ያለውን ማፈራረቅ ነው። ሁለተኛው አንድ የ5.0 ቋሚና አንድ ስም ብቻ የሆነ የ4.0 መያዝ። ማፈራረቁ ወረቀት ላይ ያምራል፣ በተለይ አንዱ ሜዳው ላይ ሲጫወት ሌላው ከሜዳው ውጭ እንዲሆን ከተጣመሩ። ችግሩ የወንበሩ በረኛ የሚገባው ቋሚው ጨርሶ ካልተጫወተ ብቻ መሆኑ ነው። አንድ ሳምንት ካልገባችሁ ባለፈው ሳምንት የተቀመጠው ይቀጥላል፤ ሊቨርፑል ሜዳ ላይ 4 ይገባበታል፣ ሌላው ግቡን ሳያስደፍር ወንበር ላይ ይውላል። በየሁለት ጎሉ አንድ ነጥብ እንደሚቀነስም አትርሱ። ለዚህ ከተማ የሚሆነው የ5.0 ቋሚው ነው። ከመካከለኛ ክለብ ቢሆን የተሻለ፤ ብዙ ይሞከርበታል፣ በየ3 ያዳነው ኳስ 1 ነጥብ ይሰበስባል።

ዝውውር ላይ ስግብግብነት ብዙ ያስከፍላል። በሳምንት አንድ ነጻ ዝውውር አለ፣ ያልተጠቀሙበት እስከ 5 ይጠራቀማል፣ ከዚያ በላይ እያንዳንዱ 4 ነጥብ ያስቀንሳል። የጠንካራ ወንበር ጥቅም ግልጽ የሚሆነው እዚህ ስሌት ላይ ነው። አጥቂያችሁ ተጎዳ እንበል፣ ወንበራችሁም 3 ነጥብ ያመጣል። በ4 ነጥብ ቅጣት አዲስ አጥቂ ብትገዙ ያ ሰው ከ7 በላይ ማምጣት አለበት። አጥቂ 90 ደቂቃ ተጫውቶ አንድ ጎል ሲያገባ 6 ነው። ጎል አግብቶም ኪሳራ ላይ ናችሁ! ቅጣት የሚያዋጣው ለረጅም ጊዜ የሚወጣ ተጫዋች ሲኖርና አዲሱ ሰው ለብዙ ሳምንት ሲፈለግ ብቻ ነው። በተቃራኒው ኔትወርክ ጠፍቶ ሳይገቡ የቀሩበት ሳምንት ዝውውሩ አይቃጠልም፣ ለቀጣዩ ይተላለፋል። የዚህ ደንብ ምርጡ ነገር ይኸው ነው።

ዋጋ ሲጨምር መደሰትም በልክ ይሁን። በ7.0 የገዛችሁት 7.3 ቢደርስ ስትሸጡት 7.1 ነው የሚከፈላችሁ፤ የትርፉ ግማሽ ወደ ታች ተጠጋግቶ ይሰጣል። ሸጣችሁት መልሳችሁ ልትገዙት ካሰባችሁ 0.2 ከኪስ ይወጣል።

ስለ ልዩ ካርዶቹ ባጭሩ፦ ዋይልድ ካርድ (ያለ ቅጣት የፈለጉትን ያህል ማዛወር)፣ ፍሪ ሂት (ለአንድ ሳምንት ብቻ ቡድን መቀየር)፣ ትሪፕል ካፒቴን (የካፒቴኑ ነጥብ በሦስት እጥፍ) እና ቤንች ቡስት (የወንበሩም ነጥብ መቆጠር) ከ2025/26 ጀምሮ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ እስከ 19ኛው ሳምንት ካልወጡ ይቃጠላሉ። ይህ ጨዋታውን አቅልሎታል። ዱሮ አንዷን ትሪፕል ካፒቴን ለመምዘዝ ሰው ወራት ያስብ ነበር፣ አሁን እንደ ሎሚ ትጨመቃለች። ቤንች ቡስትን ግን ጠንካራ ወንበር ያለው በመጀመሪያው አጋማሽ ቶሎ ቢያወጣት ይመረጣል፤ ታኅሣሥ ላይ ጨዋታ ሲደራረብ አሰልጣኞች ማፈራረቅ ይጀምራሉ፣ የወንበሩ ደቂቃም ይሸራረፋል። ሁለተኛዋን በዋንጫ ምክንያት የተላለፉ ጨዋታዎች ተደርበው ክለቦች በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ እስኪጫወቱ ማቆየት ነው።

ብዙ ሰው የሚጫወተው ግን ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ነው፤ ዕቁብ በሉት፣ ልዩነቱ ለሁሉም ተራ አለመድረሱ ነው። ጠብ የሚነሳባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። የሳምንቱን አሸናፊ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ፊሽካ እንደተነፋ አትክፈሉ፤ እስከ 3 የሚደርሰው የቦነስ ነጥብ ገና ጊዜያዊ ነው፣ ለጎል ማቀበል የተሰጠ ነጥብም ሊነጠቅ ይችላል። ሁለተኛው እኩል ነጥብ ነው። ጓደኞች በጠቅላላ ነጥብ በሚደረደሩበት መደበኛው ሊግ እኩል ከሆኑት ያነሰ ዝውውር ያደረገው ይቀድማል፣ በዋይልድ ካርድና በፍሪ ሂት የተደረገው አይቆጠርም። ዘግይታችሁ ከጀመራችሁ ሊጉን ስትፈጥሩ ነጥብ ከየትኛው ሳምንት እንደሚቆጠር መምረጫው አለ፤ ኅዳር ላይ የገባው ሰው የነሐሴን ዕዳ አይሸከምም።

መተግበሪያው ከድረ ገጹ ይከብዳል፤ ቪዲዮና ዜና አብሮ ስለሚጭን በደካማ ኔትወርክ ያስጠብቃል። ቡድን ለማስተካከል ብቻ ከሆነ ድረ ገጹን በስልክ ማሰሻ መክፈት ይቀላል። መዝጊያው ሲቃረብ ሰው ስለሚጎርፍ ገጹ ይንቀራፈፋል፤ ከተዘጋ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ጨዋታው እየታደሰ ነው ይልና አያስገባም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና አሰላለፉን፣ የወንበሩን ተራና ከሌላ ክለብ የተመረጠ ምክትል ካፒቴን ሐሙስ ማታ አስቀምጦ ማደር፣ ቢጫ ወይም ቀይ ምልክት የወጣበትን ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ኔትወርክ ካለ መንካት። ሳምንቱ አርብ የሚከፈት ከሆነ ረቡዕ ማታ።