ስለ አንድ የውኃ ማከሚያ ኬሚካል አቅራቢ፦ አሉሙ ጥሩ፣ ክሎሪኑ ደካማ

አዳማ ውስጥ ከሚሠሩ የውኃ ማከሚያ ኬሚካል አቅራቢዎች ከአንዱ በአንድ የበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ ግዥ ፈጽመናል፤ ስሙን ግን አልጠቅስም። መጀመሪያ የገዛነው ደለል የሚያዘቅጠውን አልሙኒየም ሰልፌት (አሉም) ሲሆን፣ ሁለተኛው በበርሜል የታሸገ ካልሲየም ሃይፖክሎራይት፣ ማለትም ውኃ ከጀርም የሚያጸዳው ደረቅ ክሎሪን ነበር። የማጣሪያ ጣቢያ ላቦራቶሪ ሠራተኛ በመሆኔ ሁለቱንም ርክክብ በቅርብ ተከታትያለሁ።

በአልሙኒየም ሰልፌቱ ቅሬታ የለኝም። ክረምት ሲገባ አዋሽ ደለል ተሸክሞ ስለሚወርድ የውኃው ድፍርስነት በአንድ ሌሊት ዝናብ ሊያሻቅብ ይችላል፤ በዚያ ወቅት አሉም ካለቀ ማጣሪያው ወዲያው ይደፈናል። አቅራቢው በተስማማንበት ቀን፣ ከረጢቱ ሳይቀደድና ሳይረጥብ አድርሶልናል፤ በጃር ቴስት (ኬሚካሉን በትንንሽ የውኃ ናሙናዎች ላይ በመሞከር) ስንፈትሸውም ደለሉ ቶሎ ተያይዞ ዘቅጧል። የአሉም ፋብሪካ ያለበት አዋሽ መልካሳ ለአዳማ ቅርብ ስለሆነ ይህ አያስመሰግንም የሚል ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን ቀጠሮ ማክበርን አቃልዬ አላይም።

ክሎሪኑን ያስመረጠው ዋጋው ነው። በሰነዱ ላይ 65 በመቶ ንቁ ክሎሪን (ጀርም የሚገድለው ክፍል) እንዳለው ተጽፎ፣ በኪሎ ከተወዳዳሪው 10 በመቶ ይረክስ ነበር። ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ከመቆረጡ በፊት ከሦስት በርሜሎች ናሙና ወስጄ በታይትሬሽን፣ በላቦራቶሪ የኬሚካል መለኪያ ዘዴ፣ ስለካው አማካዩ 54 በመቶ ሆነ። ይህ ማለት 100 ኪሎ ይበቃ በነበረበት 120 ኪሎ ያስፈልጋል፤ ተወዳዳሪው 65 በመቶውን ጠብቆ ቢያቀርብ ኖሮ፣ በንቁ ክሎሪን ሲሰላ ረከሰ የተባለው 8 በመቶ ያህል ይወደዳል። ሳንለካ በ65 በመቶ ሒሳብ ብንጨምረው ደግሞ የምንሰጠው ክሎሪን በ17 በመቶ ገደማ ይጎድል ነበር።

ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ሙቀትና እርጥበት ባገኘው ቁጥር ኃይሉን ያጣል። መጋዘናቸውን ሄጄ ሳይ በርሜሎቹ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ መስኮት በሌለው ክፍል ተደርድረው ነበር፤ የአዳማን ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ማብራራት አያሻም። ይባስ ብሎ አጠገባቸው የአሲድ ጀሪካኖች ተቀምጠዋል፤ ሁለቱ ቢቀላቀሉ የሚወጣው መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ነው።

የሽያጭ ኃላፊው መጀመሪያ የአምራቹን የጥራት ምስክር ወረቀት አሳዩኝ፤ ወረቀቱ የሚናገረው ግን ኬሚካሉ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ነው። በፊታቸው ደግሜ ከለካሁ በኋላ፣ ከሦስት ሳምንት ክርክር በኋላም ቢሆን፣ በርሜሎቹን ቀይረው 68 በመቶ የሚለካ አመጡ። ጥፋቱ የእኔም ነበር፤ ባዘጋጀሁት ዝርዝር መግለጫ ውስጥ የምርት ቀን አልጠየቅሁም። አሁን «በርክክብ ዕለት ሲለካ ከ65 በመቶ የማያንስ» የሚል አስገብቻለሁ።

አሉም ከእነርሱ ደግሜ ብገዛ ቅር አይለኝም። ክሎሪናቸውን ግን መጋዘኑን እስኪያስተካክሉ ድረስ፣ የራሱ ላቦራቶሪ ለሌለው ጣቢያ አልመክርም።