የኢዲሲቲፒ3 የቡድን ምርምር ገንዘብና ፖርታሉ፦ ለአመልካች ምን ያህል ይመቻል?

ብይኑን እናስቀድም። ገንዘቡ ደህና ነው፣ ዳኝነቱ ግልጽ ነው፣ ማመልከቻ የሚገባበት የአውሮፓ ኅብረት ድረ ገጽም (ፖርታሉ) ከብዙዎቹ ይሻላል። አበሳው ያለው የተቋም ምዝገባውና የባጀት ሠንጠረዡ ላይ ነው። ከኢትዮጵያ የሚያመለክቱ ቡድኖች አብዛኛውን ጉልበታቸውን ሳይንሱ ላይ ይጨርሱና ፋይናንስ ክፍሉ ስለ ጉዳዩ የሚሰማው መዝጊያው ሳምንት ሲቀረው ነው። ያኔ ደግሞ ሊስተካከል የሚችለው ነገር ጥቂት ነው።

ግሎባል ኸልዝ ኢዲሲቲፒ3 የአውሮፓ ኅብረትና የኢዲሲቲፒ (የአውሮፓና የታዳጊ አገራት የክሊኒክ ሙከራ ሽርክና) ማኅበር በጋራ የሚያስተዳድሩት የምርምር ገንዘብ ሰጪ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፤ ቢሮው ብራሰልስ ነው። በማኅበሩ ውስጥ የአውሮፓና ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገራት አሉበት፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። ስሙ የሚነሳው በአብዛኛው በኤችአይቪ፣ በቲቢ፣ በወባና ትኩረት በተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች የመድኃኒትና የክትባት ሙከራ ነው። በዚህ ምክንያት የጤና ሥርዓት ላይ የሚሠሩ ሰዎች «የእኛ አይደለም» ብለው ያልፉታል። ስሕተት ነው። የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴዎችን፣ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶችን፣ የወረርሽኝ ዝግጁነትንና የባለሙያ ሥልጠናን የሚደግፉ ጥሪዎችም ይወጣሉ። እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት «ማስተባበርና ድጋፍ» በሚለው ዓይነት ሲሆን፣ የክሊኒክ ሙከራዎቹ ደግሞ «ምርምርና ፈጠራ» በሚለው ሥር ናቸው። ዓይነቱ የገጽ ገደቡንም ገምጋሚው የሚፈልገውንም ይለውጣል። ጥሪውን ሲያነቡ ርእሱን ትተው «የሚጠበቁ ውጤቶች» የሚለውን ክፍል ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ይዩት። ለእያንዳንዱ መስመር ከፕሮፖዛላችሁ የሚመልስለት ሥራ ካላገኛችሁ ጥሪው የእናንተ አይደለም።

አብዛኛውን ጊዜ ቡድኑ ቢያንስ ከ3 የተለያዩ አገራት የመጡ 3 ተቋማት ያስፈልጉታል፤ የአውሮፓም የአፍሪካም አባል አገራት መወከል አለባቸው። አፍሪካዊ ተቋም አስተባባሪ መሆን ይችላል፣ ሲሆንም ይወደዳል። ሆኖም አስተባባሪነት ክብር ብቻ አይደለም፤ የሁሉም አጋሮች ገንዘብ በእናንተ ባንክ በኩል ነው የሚያልፈው። ወደ ናይሮቢ ወይም ወደ ሊዝበን ዩሮ ማስተላለፍ ለተቋማችሁ ባንክ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ ሳታውቁ «እኛ እንመራለን» አትበሉ።

ምዝገባው ላይ እንቆይ። እያንዳንዱ ተቋም ፒክ የሚባል ባለ 9 አኃዝ መለያ ቁጥር ያስፈልገዋል። መጀመሪያ ፖርታሉ ላይ ፈልጉ። ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ከዓመታት በፊት በአንድ ፋኩልቲ በኩል የተመዘገበ ቁጥር ይኖራቸዋል፤ ያንን ሳያዩ አዲስ ማውጣት ሁለት ቁጥር ያስከትላል፣ ማዋሐዱም ጊዜ ይበላል። ለማመልከት ጊዜያዊ ፒክ ይበቃል፤ ሰነድ የሚጠየቀው ካሸነፋችሁ በኋላ ነው። መዘናጋቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ያኔ ተቋሙ የተመሠረተበት ሕግ (ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው ደንብ)፣ የግብር ከፋይ ምዝገባ፣ የባንክ ማረጋገጫና ሊር የሚባለው የተቋሙ ሕጋዊ ተወካይ ሹመት ደብዳቤ ይፈለጋሉ። ደብዳቤውን የሚፈርመው ተቋሙን በሕግ የሚወክለው ሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ፕሬዚዳንቱ። ፕሬዚዳንቱ በመሀል ከተቀየረ ፈራሚው ሕጋዊ ኃላፊ መሆኑን የሚያሳይ አዲስ ሰነድ ያስፈልጋል። ሌላው ችግር ስም ነው፦ ማኅተሙ ላይ አንድ አጻጻፍ፣ ደንቡ ላይ ሌላ፣ ባንክ ሒሳቡ ላይ ሦስተኛ። ለእኛ አንድ ተቋም ነው፤ ለብራሰልስ ሦስት። በላቲን ፊደል የሚጻፈውን ስም ዛሬውኑ አንድ አድርጉ።

መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች አንድ ተጨማሪ ነገር ይያዙ፦ የሚጠየቀው ገንዘብ 500,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ከሆነ የአስተባባሪው የገንዘብ አቅም ይመረመራል። የመንግሥት ተቋማት ከዚህ ነጻ ናቸው።

ፖርታሉ ራሱ ነጻ ነው፤ መግቢያው ኢዩ ሎጊን (EU Login) በሚባል አካውንት ሲሆን ሁለተኛ ማረጋገጫም ይጠይቃል። ማመልከቻው ሁለት ክፍል አለው። ክፍል ሀ በቀጥታ የሚሞላ ቅጽ ነው፤ ተቋማት፣ ተመራማሪዎች፣ ባጀት፣ የሥነ ምግባር ጥያቄዎች። ክፍል ለ ፒዲኤፍ ሆኖ የሚጫን ትረካ ነው። ክፍል ሀን ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ከከፈተው አንዱ የሌላውን ሥራ ሊደመስስ ይችላል። ማስጠንቀቂያ ይወጣል፣ ሰው ግን አያነበውም። መፍትሔው ተራ ነው፦ ቴሌግራም ላይ «ገባሁ»፣ «ወጣሁ» መባባል።

ክፍል ለ ላይ ፊደሉ ከ11 ነጥብ፣ ኅዳጉ ከ15 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። ከገጽ ገደቡ ያለፈው ለገምጋሚው አይታይም። የገደቡ ቁጥር ራሱ ተቀያያሪ ስለሆነ ከዓመታት በፊት ያሸነፈ ጓደኛ የላከላችሁን ቅጽ አትጠቀሙ፤ ከጥሪው ገጽ አዲሱን አውርዱ። ማስገባት የሚቻለው ደጋግሞ ነው፤ የሚገመገመው የመጨረሻው ቅጂ ነው። ስለዚህ ያልተጠናቀቀም ቢሆን ከ3 ቀን በፊት አንድ ቅጂ ያስገቡ። መዝጊያው በብራሰልስ 11 ሰዓት (17፡00) ነው። ይህ በክረምታቸው ለአዲስ አበባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን፣ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጨረሻ እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ደግሞ 12 ሰዓት ነው። ሰዓቱ የሚዞርበት ሳምንት ላይ የወደቀ ጥሪ ካለ ካላንደሩን ሁለቴ እዩ።

አሁን ወደ ላምፕ ሰም (ቁርጥ ክፍያ)። ብዙ ጥሪዎች በዚህ መልክ ነው የሚከፍሉት፦ ገንዘቡ በዩሮ ተቆርጦ ይፈረማል፣ ከቅድመ ክፍያው በኋላ ያለው ክፍያ የሚለቀቀው የሥራ ጥቅል (ወርክ ፓኬጅ) ሲጠናቀቅ ነው። ውጤቱ እንደተጠበቀው ባይሆንም ሥራው ከተሠራ ይከፈላል። ካልተጠናቀቀ ግን የጥቅሉ ድርሻ ይታገዳል፤ ለግማሽ ሥራ ከፊል ክፍያ ሊታሰብ የሚችለው በፕሮጀክቱ የመጨረሻ ክፍያ ላይ ብቻ ነው።

በምሳሌ እንየው። ቡድኑ በ4 ዞኖች የበሽታ ቅኝት ባለሙያዎችን ማሠልጠንና የጤና ጣቢያዎችን ሳምንታዊ ሪፖርት ጥራት መከታተል ፈልጓል፤ ፕሮጀክቱ 48 ወር ነው። ይህን ሁሉ ከ1ኛው እስከ 48ኛው ወር በአንድ ጥቅል ካስገቡት የዚያ ጥቅል ክፍያ የሚጸድቀው መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ ቅድመ ክፍያው ካለቀ ለአሠልጣኝ አበል፣ ለነዳጅ፣ ለኢንተርኔት ከየት ይመጣል? የሪፖርት ወቅቱ 18 ወር ከሆነ ጥቅሉን ከ1–18፣ ከ19–36፣ ከ37–48 ብለው ይክፈሉት። በዚህ ላይ ደግሞ ልክ አለ። እያንዳንዱን ሥልጠና ጥቅል ያደረገ ፕሮፖዛል ከገምጋሚዎች ነቀፋ ይደርስበታል። አንድን ዞን ከጸጥታ ችግር የተነሳ መድረስ ካልተቻለ ጥቅሉ በሙሉ እንዳይታገድ «4 ዞን» ከማለት «ቢያንስ 3 ዞን፣ ከተቻለ 4» ብሎ መጻፍ፣ ተለዋጭ ዞኑንም በአደጋ ሠንጠረዡ ላይ መሰየም ብልህነት ነው።

የባጀቱ ኤክሴል በእያንዳንዱ ተቋምና በእያንዳንዱ ጥቅል ይሞላል። የሠራተኛ ወጪ በሰው ወር ይሰላል፦ አንድ ተመራማሪ ለ36 ወር 20 በመቶ ጊዜውን ከሰጠ 7.2 የሰው ወር ነው። ደመወዙ ተቋሙ በልማዱ የሚከፍለው መሆን አለበት። ለፕሮጀክቱ ብቻ የተፈጠረ «ቶፕ አፕ» (ተጨማሪ ክፍያ) ጥያቄ ያስነሳል፤ ዩኒቨርሲቲው ለምርምር ፕሮጀክት የሚከፍለው የጸደቀ መመሪያ ካለው መመሪያውን ይጥቀሱ።

ዕቃ ግዥ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነው። ጥሪው ሙሉ ዋጋ ካልፈቀደ የሚገባው የእርጅና ቅናሹ ብቻ ነው። 12,000 ዩሮ የሚያወጣ ጥልቅ ማቀዝቀዣ በ60 ወር የሚያረጅ ከሆነና ለ36 ወር ለፕሮጀክቱ ብቻ ከዋለ፣ 12,000 ÷ 60 × 36፣ ማለትም 7,200 ዩሮ ይያዛል። ቀሪውን 4,800 ማን ይሸፍናል? ይህን ከዲኑ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።

ለኦቨርሄድ (እንደ ቢሮና መብራት ላለው ቀጥተኛ ያልሆነ ወጪ) 25 በመቶ ይጨመራል፤ ለንዑስ ተቋራጭ በሚሰጠው ላይ ግን አይታሰብም። ቀጥተኛ ወጪ 200,000 ሆኖ 40,000ው ለንዑስ ተቋራጭ ከሆነ፣ 25 በመቶው የሚሰላው በ160,000 ላይ ነው፤ 40,000 ይመጣል፣ ድምሩ 240,000። ለአንድ ተቋም 25 በመቶ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ከፊሉ ለተመራማሪው ክፍል እንዲመለስ ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ ካልተስማማችሁ በኋላ አታገኙትም።

የምንዛሪው ነገርም አለ። የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የድሮ ባጀት መቅዳት አደገኛ ነው። በብር የሚከፈለው ደመወዝ በዩሮ ሲታይ አንሷል፤ ከውጭ የሚመጣው ሪኤጀንት (የላቦራቶሪ ኬሚካል) ግን ያው ነው። የተፈረመው ዩሮ ስለማይለወጥ ሁለቱን በተለያየ መስመር ያስሉ።

አንድ ነገር በጣም ይወደድልናል፦ በላምፕ ሰም ለአውሮፓ ኅብረት ደረሰኝና የሰዓት መቆጣጠሪያ አይቀርብም። ነገር ግን ይህ ከአገር ውስጥ ሕግ አያስጥልም። የመንግሥት ተቋም በግዥ ሕጉና በዋና ኦዲተር ይጠየቃል። «ብራሰልስ አልጠየቀም» የሚለው መልስ ኦዲተር ፊት አይሠራም፤ ደረሰኙን ያስቀምጡ።

ሥነ ምግባር ላይ ክፍል ሀ ረጅም የራስ ምርመራ አለው። ሰው ይሳተፋል? የግል መረጃ ይሰበሰባል? ናሙና ወይም መረጃ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ይገባል ይወጣል? «የለም» ብሎ ማለፍ ያጓጓል፤ በኋላ ግን በጥያቄ መልክ ተመልሶ ይመጣል። የዲኤችአይኤስ2 (የጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሰበሰብበት ሥርዓት) መረጃ ብቻ እንጠቀማለን የሚል ፕሮጀክትም ቢሆን መረጃው የታካሚ ዝርዝር ከያዘ «አዎ» ነው። በኢትዮጵያ በኩል የተቋሙን የሥነ ምግባር ቦርድ፣ እንደ ጥናቱ ዓይነት ብሔራዊ ኮሚቴውን፣ ለመድኃኒት ሙከራ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን፣ ናሙና ወደ ውጭ ለመላክ ደግሞ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነትን በጋንት ቻርቱ (የጊዜ ሰሌዳው) ላይ በወራት ያስቀምጡ። በ1ኛው ወር ናሙና መሰብሰብ የሚጀምር ዕቅድ ያየ ገምጋሚ አገሩን እንደማታውቁት ይገምታል።

ግምገማው 3 መለኪያ አለው፦ የላቀ ጥራት፣ ተጽዕኖ፣ አፈጻጸም። እያንዳንዱ ከ5 ይታረማል። በተለመደው የአንድ ዙር ጥሪ ማለፊያው ለእያንዳንዱ 3፣ በድምሩ ከ15 10 ነው፤ ባለ ሁለት ዙር ጥሪዎች ከፍ ያለ ሊጠይቁ ይችላሉ። 10 አግኝቶ ገንዘብ የሚያገኝ ግን የለም ብሎ መገመት ይሻላል። ውጤት እስከ 5 ወር፣ ፊርማ እስከ 8 ወር ይወስዳል፤ ኮንትራቱ በዚህ መሀል የሚያልቅ ሠራተኛ ካለ አብራችሁ አስቡ። ከተፈረመ በኋላ ከጠቅላላ ድጋፉ ቢያንስ 5 በመቶ ለጋራ መድን (አንድ አጋር ገንዘብ ቢያጎድል ለሚሸፍን ፈንድ) ተቀንሶ ስለሚያዝ የመጀመሪያው ገንዘብ ከጠበቃችሁት ያንሳል። የመረጃ አያያዝ ዕቅዱ በ6ኛው ወር ይደርሳል።

ካልተሳካ የሚላከው የግምገማ ማጠቃለያ ጥሩ ነው፣ ከብዙ ገንዘብ ሰጪዎች የተሻለ። ቅሬታ በ30 ቀን ውስጥ ማቅረብ ይቻላል፤ የሚታየው ግን የአሠራር ግድፈት ብቻ ነው፣ የሳይንስ ፍርዱ አይከለስም። «የአጋሮች ሚና ግልጽ አይደለም» የሚል አስተያየት ከመጣ ወደ ሰው ወር ሠንጠረዡ ተመለሱ። ብዙውን ጊዜ በትረካው ላይ እኩል አጋር የተባለው የአፍሪካ ተቋም በሠንጠረዡ ላይ 3 የሰው ወር ይዞ ይገኛል።

ፒክ የሌለው ተቋም መዝጊያው ከ4 ወር በታች በቀረው ጥሪ ላይ አስተባባሪ ሆኖ እንዲገባ አንመክርም። በአንድ የሥራ ጥቅል መሪነት ይግባ፣ ሊሩን ያሹም፣ የቀጣዩን ዓመት ጥሪ ይምራ።