ለጠዋት ሯጮቻችንና ለጋሼ፦ ከጎንደር የተጻፈ ምስጋና

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ዛሬ የምጽፈው ለምስጋና ነው። ጎንደር ለምትኖሩና «መሮጥ እፈልግ ነበር፣ ግን የት ልሂድ?» ለምትሉ ደግሞ ጥቆማ ይሁንላችሁ።

ቅዳሜ ዕለት 30 ኪሎ ሜትር ሮጥኩ። አርባን አልፌያለሁ፣ የልጆች እናት ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ ነው የምውለው። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነውና ገና ይቀረኛል። ምስጋናውን ግን እስከዚያ ማቆየት አልቻልኩም። ቤት ገብቼ እግሬን ለብ ባለ ውሃ ነክሬ፣ ባለቤቴ ቡና እያፈላልኝ፣ ደስታው እንባ እንባ አለኝ።

የማመሰግነው በየጠዋቱ ከተማችን ውስጥ አብሮ የሚሮጠውን ቡድንና አሰልጣኛችንን ነው። ቡድኑ ሰሌዳ የለውም፣ ቢሮ የለውም፣ ደረሰኝ አይቆርጥም። አሰልጣኛችን ስማቸው እንዲጻፍ አይወዱም። «ስሜን ተይው ልጄ» ስላሉኝ፣ ሁላችንም እንደምንጠራቸው ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። በወጣትነታቸው ለክለብ ሮጠዋል። አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ጠዋት ጠዋት እኛን ያሠለጥናሉ፣ በነጻ።

እዚህ ከመድረሴ በፊት ያየሁትን ሳልናገር ባልፍ ግን ይቆጨኛል።

መጀመሪያ አንድ ጂም ተመዘገብኩ። የሦስት ወሩን ክፍያ በቅድሚያ ተቀበሉኝ። «ማራቶን መሮጥ እፈልጋለሁ» ስል አሰልጣኝ የተባለው ልጅ ሳቀ። «እትዬ፣ መጀመሪያ ቦርጩን እናጥፋ» አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከዚያ መሮጫ ማሽኑ ላይ አቁሞኝ ስልኩን ይዞ ጥጉ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቴን አመመኝ ስለው ቀና እንኳ ሳይል «ስላልለመድሽ ነው፣ ያልፋል» አለ። አላለፈም። ደረጃ መውረድ እስኪያቅተኝ ድረስ ባሰ። ገንዘቤን መልሱልኝ ብዬ ስሄድ «ደንቡ አይፈቅድም» ተባልኩ። ደንቡን አሳዩኝ ስል የሚያሳየኝ ጠፋ።

ቀጥሎ በቴሌግራም «ፕሮግራም እሠራለሁ» የሚል ሰው አገኘሁ። ገንዘቡን ከላክሁ በኋላ የመጣልኝ ወረቀት ላይ የሌላ ሰው ስም አለበት። ሑዳዴ ላይ ነበርን፤ ወረቀቱ ጠዋት ጠዋት እንቁላል ብዪ፣ ማታ ዶሮ ብዪ ይላል። «ወንድሜ፣ እኔ ጿሚ ነኝ» ብዬ ጻፍኩለት። አንብቦ ዝም አለ። ደግሜ ስጽፍ ብሎክ አደረገኝ።

ጫማ የሸጠልኝ ባለሱቅስ? አውራ ጣቴን ይነካኛል እያልኩት «ሲሮጡበት ይሰፋል፣ እኔን ይመኑኝ» ብሎ ምሎ ተገዝቶ ሸጠልኝ። ዋጋውን ባላነሣው ይሻላል። ስመልስለት «የተረገጠ ጫማ አልቀበልም» አለ። ያኔ የተናደድኩትን ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል። ሰው ለጤናው ብሎ ሲነሣ ኪሱን ብቻ የሚያዩ ሰዎች አሉ። ሌላ ምን ይባላል።

ብቻዬን ልሩጥ ብልም አልሆነልኝም። ሴት ልጅ በጠዋት ስትሮጥ «ማን አባረራት?» የሚል አይጠፋም። የሰፈር ውሾችም አሉ።

ታዲያ አንድ ቀን ጎረቤቴ፣ ነርስ ናት፣ «እታለም፣ ነገ ከኔ ጋር ትመጫለሽ» አለችኝ። ጥያቄ አልነበረም። በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሬን አንኳኳች። ጃንተከል ዋርካው ጋ ስንደርስ ገና አልነጋም። የፋሲል ግቢ ግንብ ጥላ ብቻ ይታያል። ጋቢ የደረቡ፣ ሹራብ ያጠለቁ ሰዎች ቆመው እግራቸውን ያፍታታሉ። ጋሼ በእጃቸው ሽመል ይዘዋል፣ ለውሾቹ ነው። ሰላምታ ከሰጡኝ በኋላ ያሉኝን አልረሳውም። «ሞቀሽ ከተኛሽበት ተነሥተሽ መጣሽ? በቃ፣ ከባዱን ጨርሰሻል» አሉኝ።

ስለ ኪሎዬ አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ስንት ሰዓት እንደምተኛ፣ ያመመኝ ነገር እንዳለ፣ ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ እንዴት እንደሚሆን ነው። «ግፊትሽንና ስኳርሽን ተለክተሽ ነይ፣ ከዚያ እንሮጣለን» ብለው ያን ቀን በእርምጃ ብቻ አስኬዱኝ። ገንዘብ ተቀብለውኝ ይህን ያልጠየቁኝን ሰዎች አስታወስኩና አንጀቴ አረረ።

ስለ ሥልጠናው ዝርዝር ብዙ ማለት አልችልም። ስለ ልብ ምት፣ ስለ ሰከንድ፣ ስለ ፔስ ሲያስረዱን ግማሹ አይገባኝም። የገባኝን ልንገራችሁ። በአንድ መስመር እንሮጣለን፣ አንዱ ካንዱ ኋላ፣ እግር በእግር እየተከተልን። በብዙ ቦታ ፈጣኑ ይሄዳል፣ ደካማው ኋላ ይቀራል። እኛ ዘንድ ቀርፋፋው ከመሪው ቀጥሎ ይገባል፣ መሪውም በሱ ትንፋሽ ይለካል። ያ መሪ ብዙ ጊዜ አንድ የባጃጅ ሾፌር ልጅ ነው። ሥራ ሳይገባ ይሮጣል። እንደ ሚዳቋ መፈትለክ የሚችል ልጅ ለኔ ብሎ ቀስ ሲል ሳይ ልቤ ይሞላል። ከኋላዬ ደግሞ «አይዞን! በርቺ!» የሚል ድምፅ አይጠፋም። አንድ ቀን አስፋልት፣ አንድ ቀን ኮሮኮንች፣ አንድ ቀን ዳገት ይሆናል። ዳገት ሲባል ቁስቋም ነው፣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ረጅሙ ሩጫ ቅዳሜ ነው፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለሚስም እንዲመች። ከከተማ ራቅ ማለት በማይመችበት ሰሞን እዚያው ከተማ ውስጥ ዙር እየደጋገምን ኪሎ ሜትሩን እንሞላለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

አንድ ቅዳሜ አዘዞ ደርሰን እየተመለስን ነበር። ወደ ጎንደር መመለሱ ሽቅብ ነው። ያ የድሮው ጉልበቴ ተነሣብኝ፣ ጣቴም ይቃጠላል። ሌሎቹን ላለማስቀረት ብዬ ዝም አልኩ። ጋሼ ከኋላ ነበሩ። ምን እንዳዩ አላውቅም፤ እኔ ሳልናገር «ቁሚ» አሉኝ። ሌሎቹን «ሂዱ፣ እንደርስባችኋለን» ብለው ሸኟቸው። ከዚያ እዚያው መንገድ ዳር፣ ጠጠሩ ላይ፣ እኒያ ትልቅ ሰው በጉልበታቸው ተንበረከኩ።

«ኧረ በሞቴ ጋሼ፣ ይነሡ! ሰው ምን ይላል!»

«ሰው ይበል። አንቺ እግርሽን አምጪ።»

ጫማዬን ራሳቸው ፈቱት። ካልሲዬን አወለቁ። የአውራ ጣቴ ጥፍር ጠቁሯል። ጫማውን ገልብጠው ሶሉን በጣታቸው ዳሰሱት፣ አንዱ ጎን ከሌላው የበለጠ ተበልቷል። በውስጡም ጣታቸውን አስገብተው ለኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ይህ ጫማ ያንቺ ልክ አይደለም። ሩጫው ሲረዝም እግር ያብጣል፣ ከጣትሽ ፊት ቦታ ያስፈልጋል። የጣትሽን ሕመም ስትሸሺ አረጋገጥሽ ተጣሟል፣ ጉልበትሽም የሚያለቅሰው ለዚህ ነው» አሉኝ። ገንዘብ ከፍዬ ማንም ያላየልኝን፣ እሳቸው መንገድ ዳር ተንበርክከው ባንድ አፍታ አዩት።

ክሩን ከቀዳዳዎቹ አውጥተው በሌላ መንገድ መልሰው አሰሩት። እንዴት እንዳሰሩት ዛሬም አይገባኝም፣ ብቻ ጣቴ ተነፈሰ። ከዚያ አብረውኝ በእርምጃ ሄዱ። ዕንባዬ መጣ። የጉልበቴ ሕመም አይደለም ያስለቀሰኝ፣ ማፈሬ ነው። ሩጫውን ያበላሸሁባቸው መሰለኝ። እሳቸው ግን ወሬ ጀመሩ፣ ስለ አበበ ቢቂላ። አበበ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው የተሰጠው ጫማ ስላልተስማማው እንደሆነ ነገሩኝ። «አየሽ፣ ከማይስማማ ጫማ ባዶ እግር መረጠ። ቶኪዮ ላይ ግን የሚስማማውን አድርጎ ሮጠና በ1964 ደገመው።» ከዚያ ወደ ሜክሲኮ ሄዱ። በ1968 አበበ እግሩን ታሞ ነበር፣ መንገዱን ሳያጋምስ አቋርጦ ወጣ። ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። «አበበን የሚያህል ሰው ሲያመው አቋርጧል። አንቺ ምን ትሆኚ ብለሽ ነው?» አሉኝ። ይህን ብለው ባጃጅ አስቁመው አሳፈሩኝ፣ ሒሳቡንም ከፈሉ። እሳቸው በእግራቸው ቀጠሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ከቡድኑ አንዲት ልጅ በፌስታል ጫማ ይዛልኝ መጣች። አንድ ቁጥር ከፍ ያለ፣ የተሮጠበት ግን ደህና። «ጋሼ ባንቺ ቁጥር ጫማ እንዳለኝ ጠይቀውኝ ነበር፣ እኔ አልሮጥበትም፣ ውሰጂው» አለችኝ። ገንዘብ ልስጥሽ ብላት ተቆጣችኝ። ጉልበቴ ዕረፍት ወስዶ ቀስ በቀስ ተሻለው። ያን ጫማ አድርጌ ነው ቅዳሜ 30 ኪሎ ሜትር የሮጥኩት።

የማሞ ወልዴን ነገር አንሥቼ ሳልጨርስ ብተው ደስ አይለኝም። ሜክሲኮ ላይ ወርቅ ሲያገኝ 36 ዓመቱ ነበር። በ1972 ሙኒክ ላይ በ40 ዓመቱ እንደገና ነሐስ አመጣ። ጋሼ ይህን የሚያነሡት ዕድሜዬን ሰበብ ሳደርግ ነው። እኔ ደግሞ የማስታውሰው ፋጡማ ሮባን ነው። በ1996 አትላንታ ላይ ስታሸንፍ ልጅ ነበርኩ። በኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት እሷ ናት። ጎረቤት ቤት ተሰብስበን ነበር፣ አባቴ ነፍሱን ይማረውና ቆሞ ነበር ያጨበጨበው። በማግስቱ የሰፈር ሴቶች ልጆች ሁሉ መንደሩን በሩጫ አመስነው። እናቴ «ነይ ውሃ ቅጂ!» ብላ እስክትጠራኝ ሮጥኩ። ከዚያ ትምህርት፣ ከዚያ ሥራ፣ ከዚያ ትዳርና ልጅ መጣ። አባቴ ቅዳሜ ዕለት ቢያየኝ ብዬ በጣም ተመኘሁ።

ስለ ጾም ሳልናገር ብቀር ደግሞ ቅር ይለኛል። የሑዳዴ 55 ቀን ሲገባ ጋሼ ሥልጠናውን ይለውጡታል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ካለ ሩጫው ወደ ማስፈቻው ሰዓት ይጠጋለታል፣ ረጅሙም ያጥራል። በሰሞነ ሕማማት ማንንም አያስሮጡም። ሙስሊም እህቶቻችንና ወንድሞቻችን በረመዳን ከኢፍጣር በፊት ቀለል አድርገው ይሮጣሉ፣ ከነሱ ጋር ብቻቸውን እንዳይሆኑ የኛም ሰው ይወጣል። ስለ ምግብ ሲጠየቁ በሶ፣ ተምር፣ ምስር፣ ድንች ይላሉ። ከረጅሙ ሩጫ በኋላ አንዲት እናት በቤቷ የፈጨችውን በሶ በጥብጣ ታመጣልናለች። እሷም ሯጭ ናት። ያ በሶ ቅዳሜ ዕለት ነፍሴን መለሳት። እግዜር ያክብራት።

ጋሼ «ከዚህ በላይ ርቀት ከማራቶኑ በፊት ብዙ አትጨምሩም፣ ቀሪውን የውድድሩ ቀን ትሮጡታላችሁ» ብለውናል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ሳምንታት ደግሞ እየቀነስን እንድናርፍ ነው የሚያዙት። የቴሌግራሙ ወረቀት እስከ ዋዜማው ድረስ ሩጪ ይል ነበር። ልዩነቱን እናንተ ፍረዱ።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። በእኔ እግር ሥር የተንበረከከ ጉልበትዎ አይመመው። የቡድኑ ልጆች ሁላችሁም፣ ያን ጫማ የሰጠሽኝ እህቴም፣ ውለታችሁን ልከፍለው አልችልም፣ እሱ ይክፈላችሁ።

ጎንደር ያላችሁ እህቶቼ፣ እባካችሁ ኑ። ወንድሞችም ኑ። መሮጥ የማትችሉ ለእርምጃ ኑ። ዕድሜዬ ሄዷል፣ ወፍሬያለሁ፣ ሰው ያየኛል አትበሉ፤ ማንም አይስቅባችሁም፣ የሚስቅ ቢመጣ ጋሼ ራሳቸው ያስቆሙታል። ክፍያ የለም። ከሩጫ በኋላ ለሻይና ለዳቦ አቅሙ ያለው ያዋጣል፣ የሌለው አብሮ ይጠጣል። ግፊታችሁን ተለክታችሁ ኑ፣ ልካችሁ የሆነ ጫማ አድርጉ፣ ጠዋት ብርድ ስላለ ሹራብ ያዙ። ጃንተከል ዋርካው ጋ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ እንነሣለን። ትንሽ ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ ጋሼ ሰዓት ላይ ቀልድ አያውቁም።