ባለ ሰንሰለት ወይስ ባለ ዘንግ? የባስ ድራም ፔዳል ለሚገዙ የድሬዳዋ ድራመሮች

ምርጫው ከእግር ይጀምራል። ተረከዙን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ በቁርጭምጭሚቱ ለሚመታ ሰው ላላ ያለ ሞላ ይበቃዋል፤ ድምፁም ስለሚለዝብ ለሆቴል ሙዚቃ ይስማማል። ተረከዙን አንሥቶ ከጭኑ የሚመታ ሰው ግን የእግሩ ክብደት ሞላው ላይ ነው የሚያርፈው። ሞላው ካልጠበቀ ቢተሩ፣ ማለትም የድራሙን ቆዳ የሚመታው መዶሻ፣ ወደ ቆዳው ያዘነብልና የሚወነጨፍበት ርቀት ያጥራል፤ ምቱ ይሞታል።

በባለ ሰንሰለቱ፣ ቢተሩን የሚስበው የብስክሌት ካቴና የሚመስል ሰንሰለት ነው። ሰንሰለት ይስባል እንጂ አይገፋም፤ ስለዚህ እግርን ትንሽ ዘና ያደርጋል፣ ጀማሪም ቶሎ ይለምደዋል። በባለ ዘንጉ እግርና ቢተር በደረቅ ብረት ስለተያያዙ መልሱ ፈጣን ነው፤ የእግርን ስሕተትም እንዳለ ያሰማል። የያማሃ ኤፍፒ 9500 በሁለቱም ተሠርቷል፦ «ሲ» ባለ ሰንሰለት፣ «ዲ» ባለ ዘንግ። ሁለቱን አከታትሎ የሞከረ ልዩነቱን እግሩ ይነግረዋል።

የደቻቱ አሸዋ በነፋስ በሚነሣበት ከተማ እኛ ባለ ሰንሰለቱን እንመርጣለን። የዘንጉ ጫፎች ትንንሽ ኩሽኔታ አላቸው፤ አቧራ ሲገባባቸው ይሻክራሉ፣ ሲበሉ ደግሞ ይንቀጫቀጫሉ። ሰንሰለት በብሩሽ ይጠረጋል። ግሪስ ግን አይቀቡት፣ አቧራ ይሰበስባል፤ ሐረር መኪና ግርግር መንገድ ላይ ያሉ ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸውን የሚያጠጡት ዓይነት ቀጭን ዘይት አንድ ጠብታ ይበቃል።

ያገለገለ ሲገዙ ቢተሩን ወደኋላ ስበው ይልቀቁት። ረጅም ጊዜ ከተወዛወዘ ኩሽኔታው ጤነኛ ነው፤ ሁለት ሦስቴ ብሎ ከቆመ ይተዉት። የእግር መርገጫውንም ግራና ቀኝ ይነቅንቁት። እንደ ኤፍፒ 7210ኤ ያለው ከሥሩ ላሜራ የሌለው ፔዳል ታጥፎ ለባጃጅ ይመቻል፤ በሰርግ አዳራሽ ሴራሚክ ላይ ግን ይንሸራተታል። ምንጣፍ ያንጥፉለት፤ በርጩማውም እዚያው ምንጣፍ ላይ ይሁን፣ የራስዎ ክብደት እንዳይሸሽ ይይዘዋል።

ገንዘቡ ካጠረ ከፔዳሉ ቀንሰው ከፍታው ለሚስተካከል በርጩማ ያውጡት። የፕላስቲክ ወንበር መቀመጫው ወደኋላ ስለሚያዘነብል ጉልበት ከዳሌ በላይ ይወጣል፤ ወገብ የሚያመው ከዚያ ነው። ዳሌ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ይበል። ሁለቱንም እግር ከፔዳሎቹ ላይ አንድ ላይ ያንሡ፤ ወደኋላ ከተንጋለሉ በርጩማውን አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ አድርገው እንደገና ይሞክሩ።