የማልዴፍ የሕግ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ፦ መስፈርቱ የሚመሰገን፣ ገንዘቡ ዘግይቶ የሚደርስ

በአሜሪካ ለሕግ ተማሪዎች ከሚሰጡት ድጋፎች መካከል፣ ማልዴፍ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የሜክሲኮ አሜሪካውያን የሕግ መከላከያና የትምህርት ፈንድ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ በዓላማው ለየት ይላል። ድርጅቱ በ1968 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በሳን አንቶኒዮ የተመሠረተው ጠበቃው ፒት ቲሄሪና ከገጠመው ነገር ተነሥቶ ነው። በቴክሳስ ጆርዳንተን ከተማ እግሯን በአደጋ ላጣች ደንበኛው ሊከራከር ችሎት ሲቀርብ፣ የሜክሲኮ ተወላጆች በብዛት በሚኖሩበት በዚያ አካባቢ ከጁሪው (ፍርድ ለመስጠት ከሕዝቡ ከሚመረጡት ሰዎች) መካከል ከእነርሱ ወገን የሆነ አንድም ሰው አላገኘም። ፎርድ ፋውንዴሽን የተባለው የበጎ አድራጎት ተቋም ለአዲሱ ድርጅት ከሰጠው 2.2 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ 250,000 ዶላሩ ለሕግ ተማሪዎች መመደቡ፣ በእኔ ግምት፣ ከሁሉ የላቀው ውሳኔ ነበር፤ ከማኅበረሰቡ የወጡ ጠበቆች እጅግ ጥቂት በነበሩበት ጊዜ ክስ መመሥረት ብቻውን የትም አያደርስም ነበርና።

የስኮላርሺፑ ዋና ብርታት መስፈርቱ ነው። የአመልካቹ አስተዳደግና የገንዘብ ችግር፣ የትምህርት ውጤቱና ከክፍል ውጪ ያከናወነው ሥራ ይመዘናል፤ ከዚህም በላይ በሕግ ሙያው የላቲኖዎችን (የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸውን ሰዎች) ሲቪል መብት ለማስከበር ያለው ቁርጠኝነት ይታያል። አመልካቾችን በመኖሪያ ፈቃድ አለመለየቱም፣ በ1982 ፕላይለር በዶ ላይ በተባለው ክርክር የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት የመማር መብታቸው እንዲጸና ለተሟገተ ድርጅት የሚገባ አቋም ነው። ከ1973 ጀምሮ እስከዚያው 1982 ድረስ ድርጅቱን የመራችው ቪልማ ማርቲኔዝ ኋላ በአርጀንቲና የአሜሪካ አምባሳደር ሆናለች፤ ላቲኖዎች ወደ አመራር የሚወጡበት መንገድ ምን ሊመስል እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማቅረብ ይከብደኛል።

ጉድለቱ ገንዘቡ የሚደርስበት ጊዜ ላይ ነው። ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ሦስት ዓመት ለሚፈጅና ዋጋው ለናረ ትምህርት በአንድ ጊዜ ክፍያ የሚሰጥ ድጋፍ ሸክሙን ያቀልላል እንጂ አያነሣም፤ በዚያ ላይ የሚያገኙት የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ የደረሱ ብቻ ናቸው። በመግቢያ ፈተናውና በማመልከቻ ወጪው የሚቀሩትን ግን አያገኛቸውም። ስለዚህ ገና በመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ያለ ተማሪ ክሊዮ የተባለውን፣ በዚያው በ1968 የተጀመረውንና ከሕግ ትምህርት ቤት በፊት በዝግጅት ላይ የሚያተኩረውን ፕሮግራም አስቀድሞ ቢያጤን እመክራለሁ።

በአሜሪካ ሕግ የሚማሩ የእኛ ልጆችም የማመልከቻ ደንቡን ቢያነቡት አይከፋም፤ ሆኖም ከላቲኖ ማኅበረሰብ ጋር በእውነት ያልሠራ ሰው ለማመልከቻ ሲባል የሚጽፈው ድርሰት መራጮቹን የሚያታልል አይመስለኝም።