የበረንዳዬ በር ጎማ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ጥቅምት ላይ የገዛኋቸው የበር ጎማዎች ይኸው ሰኔ ደረሱ። ተንሸራታች የአሉሚኒየም በር ያላችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ ከበሩ ሥር በግራና በቀኝ ተደብቀው ሀዲዱ ላይ የሚሽከረከሩት ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ጎማ እንላቸዋለን እንጂ ጎማ የላቸውም። የእኔዎቹ ውስጣቸው ኩሽኔታ፣ ዙሪያቸው ናይለን ነው።

የምኖረው አዲስ አበባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩ መጀመሪያ ትንሽ ያዝ ያደርግ ነበር። ከዚያ ሁለት እጅ ፈለገ። መጨረሻ ላይ እግሬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ካልጎተትኩት ንቅንቅ አይልም። ድምፁማ አይነሳ! አንድ ቀን ደረጃ ላይ ያገኘኋቸው ጎረቤቴ፣ «ልጄ፣ ጎህ ሳይቀድ ምንድነው የምትፈጨው?» ብለውኛል።

ጥፋቱ የራሴም ነበር። ሀዲዱን ግራሶ ቀባሁት። ለጥቂት ቀን ሰላም ሆነ። ግን ፊት ለፊታችን መንገድ እየተቆፈረ ነበርና አቧራው ሁሉ ግራሶው ላይ ተለጠፈ። ጣቴን ሳስገባ አሸዋ የገባበት ሽሮ ይመስላል። የጠራሁት ባለሙያ ደግሞ በሩን አንዴ ገፋ፣ አንዴ ጎተተና «ሙሉውን መቀየር ነው» አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ሻይ ጋብዤ ሸኘሁት።

ከወንድሜ ጋር ራሳችን አወረድነው። በሩን ወደ ላይ ገፍቶ የላይኛው ሀዲድ ውስጥ ማስገባት፣ ከዚያ ሥሩን ወደ ራስ መሳብ ነው፤ ይወጣል። መስታወቱ ከባድ ስለሆነ ብቻችሁን እንዳትሞክሩት። ገልብጠን ስናየው የአንዱ ጎማ ናይለን በአንድ በኩል ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆኗል። መሽከርከሩን ትቶ ሲጎተት ኖሯል ማለት ነው። ሌላኛው ላይ ፀጉር ተጠምጥሞበታል።

አሮጌውን ናሙና ይዤ መርካቶ ወረድኩ። ይህን አትርሱ፤ መጠኑ ብዙ ዓይነት ነው፣ በስልክ ፎቶ አይሆንም። ሻጩ ሙሉ ብረት የሆነውን «ይሄ ዕድሜ ልክ ነው» ብሎ ሊሰጠኝ ነበር። እሱስ ይቆያል፤ የሚበላው ግን ሀዲዱን ነው። አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፣ ጎማ ከመቀየር ደግሞ ሀዲድ መቀየር ይከብዳል። ስለዚህ ናይለኑን ያዝኩ።

ከመግጠሜ በፊት ሀዲዱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት። ግራሶውን ለማስለቀቅ ደብሊው ዲ ፎርቲ ረጨሁና በጨርቅ ጠረግኩ። ደብሊውና ዲው በእንግሊዝኛ ውሃ ማባረር የሚሉት ቃላት መነሻ ፊደሎች ናቸው፤ 40 ደግሞ የተሳካው 40ኛው ሙከራ ስለሆነ ነው። እሱን አጥቤ ካደረቅኩ በኋላ ስስ ሲሊኮን ስፕሬይ ብቻ ነፋሁ። ሲደርቅ ስለማያጣብቅ አቧራ አይሰበስብም። ዘይትና ግራሶ ደግሜ አላስጠጋም።

ስምንት ወር ምን አሳየኝ? በሩ አሁንም በሁለት ጣት ይሄዳል። የስድስት ዓመቷ ልጄ ትከፍተዋለች፤ እንዲያውም ችግራችን እሱ ሆኗል። ሲሊኮኑን የደገምኩት አንዴ፣ ጥር ላይ ነው። ሀዲዱን ግን በየሁለት ሳምንቱ እጠርጋለሁ፤ ከተውኩት ጩኸቱ ይመለሳል።

እንከን አላጣሁበትም። ከጎን ባለው ብሎን በሩን ከፍ ሳደርገው የቁልፉ መንጠቆ ከቀዳዳው ጋር አልገጥም አለ። ሦስት ቀን ሳንቆልፍ አደርን። መፍትሔው ያን ብሎን በካቻቢቴ ሩብ ዙር ብቻ መመለስ ነበር፤ እኔ ግን መጀመሪያ ቁልፉን ፈትቼ ስበታትን ዋልኩ። ሚያዝያ ላይ ደግሞ የግራው ብሎን ላልቶ በሩ በአንድ ጎን ዘመመ። አጥብቄዋለሁ፤ እስካሁን ይዟል። ብሎኑ ግን ዝገት ጀምሮታል፤ ለዚያ ዋጋ የማይዝግ ሊያደርጉት ይገባ ነበር።

ዝገቱ የመጣው ከሚያዝያው ዝናብ ነው። ሀዲዱ ከውጭ በኩል ውሃ የሚያስወጡ ጠባብ ቀዳዳዎች አሉት፤ በሲሚንቶ ተደፍነው ኖሮ ውሃው ተኝቶ ነበር። በቀጭን ሽቦ ስከፍታቸው ቡናማ ውሃ እየተንጠባጠበ ወጣ።

ክረምቱ ሳይገባ የመኝታ ቤቱን መስኮትም እቀይራለሁ። የእሱ ጎማ ከበሩ ያንሳል፤ ናሙናው ኪሴ ውስጥ ነው፣ ቅዳሜ መርካቶ እወርዳለሁ።